«የቀን ገቢሽ ስንት ነው?»፦ ለአዳማና ለአካባቢው ከተሞች አነስተኛ ነጋዴዎች ስለ ግብር፣ ስለ ደብተርና ስለ ጡረታ

አንድ የግብር ገማች ሱቃችሁ በር ላይ ቆሞ «የቀን ገቢሽ ስንት ነው?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አብዛኛው ሰው ወይ አሳንሶ ይናገራል ወይ ዝም ይላል። ከመመለሳችን በፊት ግን እኛው መጠየቅ ያለብን ነገር አለ፦ «ገቢ» ስትል ሽያጩን ነው ወይስ ትርፉን?

ቀልድ አይደለም። በአማርኛ «ገቢ» የምትለዋ ቃል ሁለቱንም ትሸከማለች። ለመንግስት ሰራተኛ ገቢ ማለት ደሞዙ ነው፣ እጁ ላይ የምትገባዋ። ለባለ ሱቅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የገባው ብር ሁሉ ገቢ ይባላል፣ ምንም እንኳን ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ነገ ጠዋት ለጅምላ አከፋፋዩ የሚሄድ ቢሆንም። ግብር ቢሮ በወረቀት ላይ «የቀን ገቢ» ብሎ የሚጽፈው ይሄንን ሁለተኛውን፣ ማለትም ሽያጩን ነው። ነጋዴው ግን ወረቀቱን ሲያነብ «በቀን ይሄን ያህል ታተርፋለህ አሉኝ» ብሎ ይደነግጣል።

ይህ ድንጋጤ አገር አናውጦ ያውቃል። ሐምሌ 2009ን የማያስታውስ ነጋዴ ያለ አይመስለንም። የቀን ገቢ ግምቱ ይፋ ሲሆን በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ ተዘጋ፣ አምቦና ወሊሶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፣ አዲስ አበባ መርካቶም ውስጥ የተዘጉ ሱቆች ነበሩ። ግምቱ ተጋኗል የሚለው ቅሬታ ብዙ ቦታ እውነት ነበረበት ብለን እናምናለን። ግን ከስር ያለውን ነገር ብዙ ሰው አላየውም። ገማቹም ነጋዴውም ሲከራከሩ በሁለቱም እጅ ላይ ማስረጃ አልነበረም። አንዱ በዓይኑ አይቶ ይገምታል፣ ሌላው በአፉ ይምላል። ደብተር የያዘ ሰው በጣም ጥቂት ነበር።

ጉዳዩ ለምን ያን ያህል እንደከረረ ለመረዳት ቁጥሯን እንይ። በ1994ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ደረጃ «ሐ» የሚባለው የዓመት ሽያጩ ከ100,000 ብር የማይበልጥ ነጋዴ ነበር። በ2008 በወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ጣሪያው ወደ 500,000 ከፍ አለ። ከዚያ በላይ እስከ 1 ሚሊዮን ያለው ደረጃ «ለ»፣ 1 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ «ሀ» ሆነ። 500,000 ብር ሲሉት ትልቅ ይመስላል አይደል? በዓመት 300 ቀን ይሰራል ብላችሁ አካፍሉት። በቀን 1,667 ብር ሽያጭ ነው። በቃ። በቀን 2,000 ብር ትሸጣለህ ተብሎ የተገመተ ባለ ሱቅ፣ ሳያውቀው ከደረጃ «ሐ» ወጥቶ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ደረጃ ውስጥ ይገባ ነበር።

ዛሬስ? ሐምሌ 2017 ላይ የጸደቀው የፌደራል የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደረጃዎቹን ሁለት አድርጓቸዋል። ደረጃ «ሐ» የሚባል ቀርቷል። የዓመት ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነው «ሀ»፣ ከ2 ሚሊዮን በታች ያለው «ለ»። አሁንም ለ300 አካፍሉት፦ በቀን 6,667 ብር። የዘይትና የስኳር ዋጋ የት እንደደረሰ የምታውቁት ናችሁ። አዳማ ላይ አንድ ደህና የሰፈር ሚኒ ማርኬት ይህችን ቁጥር ሳይታወቀው ያልፋታል። ስለዚህ «እኔ ትንሽ ነኝ፣ አይመለከተኝም» ከማለታችሁ በፊት ይህችን ማካፈል በራሳችሁ ሽያጭ ላይ ስሯት።

ሽያጭ 4,000፣ ትርፍ 505

እስቲ በምሳሌ እንሂድ። ሰውየዋ የለችም፣ ቁጥሩም ለማስረዳት ያህል ነው፣ ግን አዳማን የሚያውቅ ሰው ሩቅ አይለውም። አንዲት ጁስ ቤት ያላት ነጋዴ እንበል። በቀን በአማካይ 4,000 ብር ትሸጣለች። በዓመት 300 ቀን፣ 1,200,000 ብር።

ከዚህ ውስጥ ለማንጎ፣ ለአቮካዶ፣ ለፓፓያ፣ ለስኳርና ለወተት በቀን 2,300 ብር ታወጣለች፣ በዓመት 690,000። ኪራይ በወር 15,000፣ በዓመት 180,000። ሁለት ሰራተኞች አሏት፣ እያንዳንዳቸው በወር 4,000፣ በዓመት 96,000። ለነሱ የምትከፍለው የአሰሪ ጡረታ 11 በመቶ ደግሞ 10,560። መብራት፣ ውሃ፣ ብርጭቆና ፌስታል በወር 3,500፣ በዓመት 42,000። ጠቅላላ ወጪዋ 1,018,560 ብር። የቀራት 181,440።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል። አንድ ወጪ ግን ተረስቷል። የጁስ መፍጫውና ፍሪጁ 150,000 ብር ወጥቶባቸዋል፣ 5 ዓመት ያገለግላሉ ብንል በየዓመቱ 30,000 ብር ያህላቸው እያለቀ ነው። ማንም ሂሳብ አይጠይቅባችሁም፣ ዝም ብሎ ያልቃል። የሂሳብ ሰዎች የእርጅና ተቀናሽ የሚሉት ይሄ ነው። በአዳማ ሙቀት ፍሪጅ ቀን ከሌሊት እየሰራ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። አምስተኛው ዓመት ላይ ፍሪጁ ሲቆም «ብሩ የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ይህችን 30,000 በየዓመቱ እንደ ትርፍ ስለበላናት ነው። (የግብር ህጉ ለየእቃው የራሱ የእርጅና መጣኔ አለው፣ 5 ዓመት ያልነው ለስሌታችን ነው።)

እሷን ስንቀንስ ትርፏ 151,440 ብር ነው። በ300 ቀን ስናካፍለው በቀን 505 ብር። የ4,000 ብር ሽያጭና የ505 ብር ትርፍ፣ ሁለቱም በአማርኛ «የቀን ገቢ» ይባላሉ!

ግብሩ በየትኛው ላይ ነው የሚሰላው?

ደረጃ «ሀ» የሆነ ግለሰብ ነጋዴ ግብር የሚከፍለው በትርፉ ላይ ነው። በ2017ቱ ማሻሻያ የዓመት ትርፍ እስከ 24,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 48,000 ላለው 15 በመቶ፣ እስከ 84,000 ላለው 20፣ እስከ 120,000 ላለው 25፣ እስከ 168,000 ላለው 30፣ ከዚያ በላይ ላለው 35 በመቶ። ልብ በሉ፣ 35 በመቶ የሚባለው በጠቅላላው ትርፍ ላይ አይደለም። ከ168,000 በላይ ባለችው ትርፍራፊ ላይ ብቻ ነው። «ትንሽ ብጨምር ሙሉ ትርፌ ላይ 35 በመቶ ይመጣብኛል» ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፣ ፍርሃቱ መሰረት የለውም።

የጁስ ቤቷ ባለቤት በዚህ መንገድ ቢሰላባት 29,232 ብር ትከፍላለች።

ግን ሽያጯ ከ2 ሚሊዮን በታች ስለሆነ ደረጃ «ለ» ናት። የአሁኑ ደረጃ «ለ» ግብር ደግሞ የሚሰላው በጠቅላላ የዓመት ሽያጭ ላይ ነው፣ ወጪ ሳይቀነስ። መጣኔው ትንሽ ይመስላል፣ ሽያጭ በጨመረ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል። እሷ ላይ እያንዳንዷ 1 በመቶ 12,000 ብር ናት። 29,232 ብር የሽያጯ 2.4 በመቶ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር በሽያጭ የሚሰላው ግብር በአማካይ ከ2.4 በመቶ በላይ ከሆነባት፣ በትርፍ ቢሰላላት ይሻላት ነበር ማለት ነው።

ይህን ስሌት ለራሳችሁ ካልሰራችሁ የትኛው እንደሚጎዳችሁ አታውቁም። በሽያጭ ላይ የሚሰላ ግብር ሁሉንም እኩል አያገኝም። ፀጉር ቤት ያለው ሰው ከ100 ብር ሽያጭ 50 ሊቀረው ይችላል። ስኳርና ዘይት በችርቻሮ የሚሸጠው ግን ከ100 ብር 5 ወይም 6 ብር ነው የሚቀረው። ሁለቱ እኩል ከሸጡ እኩል ግብር ይመጣባቸዋል። አሰራሩ ቀላል ነው፣ ለቢሮውም ለነጋዴውም ክርክር ይቀንሳል፣ እሱን እንቀበላለን። ትርፉ ቀጭን የሆነ ነጋዴ ላይ ግን ይከብዳል፣ ይሄንንም መደበቅ አያስፈልግም። እንዲህ አይነት ንግድ ላይ ካላችሁ «መዝገብ ይዤ በትርፍ ልስተናገድ እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ በጽሁፍ መጠየቅ አለባችሁ፣ ከዓመቱ መጨረሻ በፊት።

የት ነው የሚጠየቀው? ሕገ መንግስቱ የግለሰብ ነጋዴዎችን የንግድ ትርፍ ግብር የሰጠው ለክልሎች ነው፣ አንቀጽ 97 ላይ። ስለዚህ በስማችሁ ፈቃድ አውጥታችሁ አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔ የምትነግዱ ከሆነ መዝገባችሁ ያለው ኦሮሚያ ገቢዎች ዘንድ ነው። ክልሉ የራሱ የገቢ ግብር አዋጅ አለው፣ አወቃቀሩ ከፌደራሉ ጋር ይቀራረባል። እኛ እዚህ የጻፍነው የፌደራሉን ነው። ቢሮ ስትሄዱ «በየትኛው ሰንጠረዥ ነው የተሰራብኝ?» ብላችሁ ሰንጠረዡን በዓይናችሁ እዩት።

ደብተሩ

አንዳንድ ሰው ሂሳብ ሲባል አካውንታንት መቅጠር ይመስለዋል። ደረጃ «ሀ» ከሆናችሁ አዎ፣ ባለሙያ ያስፈልጋችኋል። ትንሽ ነጋዴ ግን የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና በየማታው አስር ደቂቃ ነው። አራት አምድ አስምሩ። ቀን፣ የተሸጠ፣ የወጣ፣ ለቤት የተወሰደ።

አራተኛዋ አምድ ናት ንግድ የምትገድለው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከመሳቢያ 50 ብር፣ ዘመድ ሲመጣ 300፣ ለለቅሶ 500። ይህ ወጪ የንግዱ አይደለም፣ የቤት ነው። ግብር ቢሮም እንደ ወጪ አይቀንስላችሁም። ከመሳቢያ መውሰድ አትችሉም አላልንም፣ የእናንተው ነው። ግን ተጽፎ ይውጣ። ሳይጻፍ ሲወጣ ሰውየው «ንግዱ ከሰረ» ይላል፣ ንግዱ እኮ አልከሰረም፣ ተበልቶ ነው።

ዱቤም እንዲሁ። የሰጣችሁት ዱቤ ገና ብር አይደለም፣ የወሰዳችሁትም እቃ ገና የእናንተ አይደለም። ሁለቱን በደብተሩ ጀርባ ለብቻ ያዙ። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚነግድ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ዋጋ ሲወድቅ በዱቤ የሰጠው እቃ ገንዘብ ሳይመለስለት ሳምንታት ያልፋል፣ እሱ ግን ለገበሬው በካሽ ከፍሏል። በወረቀት አትርፏል፣ በኪሱ ባዶ ነው።

የመቁጠሪያ ቀን ጉዳይ ደግሞ በጣም የምናምንበት ነገር ነው። ገማች በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን መጥቶ ያየውን ሽያጭ በ300 ቢያባዛ ምን ይሆናል? ስጋ ቤት ውሰዱ። ደንበኞቹ ኦርቶዶክስ የሆኑበት ስጋ ቤት ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይዘጋል ወይም ከዘጋ አይሻልም። ረቡዕና አርብ አሉ። የፋሲካን 50 ቀን ትተን ስንቆጥር፣ ሌሎቹን አጽዋማት ሳንጨምር የሚሸጥበት ቀን 240 ገደማ ነው። ገማቹ በፋሲካ ሳምንት መጥቶ በ300 ካባዛ ግምቱ የትየለሌ ነው። ጁስ ቤትም ክረምት ላይ እንደ ሚያዝያና ግንቦት አይሸጥም። አዳማ ላይ ስብሰባ የበዛበት ሳምንትና ሆቴሎቹ ባዶ የሆኑበት ሳምንት ለምግብ ቤቱም ለባጃጁም አንድ አይደለም። ይህንን ሁሉ በቃል ብትናገሩ ማንም አይሰማችሁም። የአስራ ሁለት ወር ደብተር ግን ይናገራል።

ሰው የሚጥላቸው ወረቀቶች

ለሆቴል ወይም ለመስሪያ ቤት እቃ ወይም አገልግሎት ስታቀርቡ ከክፍያችሁ ላይ የሚቀነስ አለ። ተቀናሽ ግብር ወይም በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ ይባላል። 2 በመቶ የነበረው በ2017ቱ ማሻሻያ 3 በመቶ ሆኗል። 100,000 ብር አትክልት ለሆቴል ካስገባችሁ 3,000 ብር ተይዞ 97,000 ይሰጣችኋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጠፋ ብር ይቆጥረዋል። አልጠፋም! በቅድሚያ የከፈላችሁት የእናንተ ግብር ነው፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ከሚመጣባችሁ ላይ ይቀነሳል። ግን ደረሰኙን ካመጣችሁ ብቻ። ደረሰኙ ከጠፋ ግብሩን ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ ማለት ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማለትም ቲን ለሌለው ደግሞ በ2008ቱ አዋጅ ተቀናሹ 30 በመቶ ነው፣ በቲን እጦት ከ100,000 ብር ላይ 30,000 ብር ማስያዝ አለ።

የኪራይ ደረሰኝም ሌላ ራስ ምታት ነው። አከራይ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ በዚህ ዋጋ» ሲል ሰው ይስማማል። በትርፍ የሚስተናገድ ነጋዴ ያለ ደረሰኝ የከፈለው ኪራይ እንደ ወጪ አይያዝለትም፣ ስለዚህ ያላተረፈውን አትርፏል ተብሎ ግብር ይከፍልበታል። የተገኘችው ቅናሽ ከምታስከትለው ግብር ትበልጣለች ወይ? ማስላት ነው።

ቫት የተመዘገባችሁ ከሆነ ደግሞ ከደንበኛ የሰበሰባችሁት 15 በመቶ መሳቢያ ውስጥ ቢገባም የእናንተ አይደለም። ከሸጣችሁበት ቀን ጀምሮ በአደራ ነው ያለው። በየሳምንቱ ለብቻ አውጥታችሁ ሌላ ሂሳብ ውስጥ ካላስቀመጣችሁት፣ ማሳወቂያው ቀን ሲደርስ ከእቃ መግዣ ላይ ልትመዙ ነው።

ባንክና ቴሌብር ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ግብር ሰብሳቢው መስሪያ ቤት የባንክ መረጃ የመጠየቅ ስልጣን አለው። አሁን ሽያጩ ሁሉ በስልክ እየሆነ ነው። ችግሩ በዚያው ሂሳብ የሚገባው ብር ሁሉ ሽያጭ አለመሆኑ ነው። እቁብ ወጣላችሁ፣ 200,000 ብር ገባ። እህት ከአረብ አገር 60,000 ላከች። ለሚያየው ሰው ሁሉም አንድ ነው፣ «ገቢ»። ስለዚህ ለንግዱ ለብቻው ሂሳብ ክፈቱ። ምንም ወጪ የለውም። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ቢያንስ የእቁብ ደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፣ የተላከላችሁንም ደብተር ላይ «ከእህቴ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉ።

ግምቱ ከበዛባችሁ

ወረቀቱን ተቀብላችሁ ስትናደዱ አትቅደዱት። ቀን መቁጠር ይጀምራል። በፌደራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ነው፣ በጽሁፍ፣ ለቅሬታ አጣሪው። እዚያ ካልረካችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ነው፣ ያን ጊዜ ግን ከተከራከራችሁበት ግብር 50 በመቶውን ማስያዝ አለባችሁ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ለመሄድ ማስያዣው 75 በመቶ ይደርሳል። ገንዘብ ሳያስይዙ የሚከራከሩበት ቦታ የመጀመሪያው ነው ማለት ነው። እዚያ ላይ ደብተር ይዞ የቀረበና ባዶ እጁን የቀረበ ሰው እኩል አይደመጡም። በክልላችሁ የቀኑ ቁጥር ከዚህ ሊለይ ስለሚችል ወረቀቱ ላይ ያለውን አንብቡ፣ ካልተጻፈ ጠይቃችሁ አጽፉ።

ጥያቄውን «በዛብኝ» ብላችሁ አታቅርቡት። «የገመታችሁት 300 ቀን ነው፣ እኔ የሰራሁት 240 ቀን ነው፣ ይኸው» በሉ።

ንግዱን የምታቆሙ ከሆነ ደግሞ ሱቁን ቆልፋችሁ አትሂዱ። ፈቃድ መልሱ፣ ክሊራንስ ውሰዱ። ሱቁ የተዘጋ ቢሆንም መዝገቡ ክፍት ከሆነ ግምቱ ይቀጥላል፣ ቅጣትና ወለድም ይከተለዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ፈቃድ ልታወጡ ስትሄዱ ያ እዳ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃችኋል።

ጡረታ፦ ለሰራተኛችሁ፣ ከዚያ ለራሳችሁ

የግል ድርጅት ሰራተኞች ጡረታ በአዋጅ የመጣው በ2003 ነው፣ ቁጥር 715። አሁን የሚሰራው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ሰራተኛ ከደሞዙ 7 በመቶ፣ አሰሪ ከራሱ ኪስ 11 በመቶ። የጁስ ቤቷን ሰራተኛ እንይ፣ ደሞዟ 4,000 ነው። ከ2,000 በላይ ባለው ላይ 15 በመቶ የስራ ግብር፣ 300 ብር። ጡረታ 280። እጇ ላይ 3,420 ይደርሳል። አሰሪዋ 440 ጨምራ ለጡረታው በድምሩ 720 ብር ታስገባለች።

ትንንሽ ንግድ ላይ የሚሰማው «ተይው፣ ሙሉውን ስጪኝ» የሚል ስምምነት ነው። ልጅቷ 20 ዓመቷ ስለሆነ ጡረታ ሩቅ ነው፣ ባለቤቷም 440 ብር ትቆጥባለች። ሁለቱም የተስማሙ ይመስላል። ግን የጡረታ አበል በየወሩ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ መውጫ ዕድሜው ደግሞ 60 ነው። ከባቱ የአበባ እርሻ ለቃ ጁስ ቤት የገባች ልጅ እዚያ የተቆጠሩላት ዓመታት አሏት። ጁስ ቤቷ ካላስመዘገበቻት ቆጠራው ቆመ። 440 ብሯ የአሰሪ ቁጠባ አይደለችም፣ የሌላ ሰው እርጅና ናት። ሰራተኛ ስትቀጥሩ ከመታወቂያ ጋር «የጡረታ ቁጥር አለሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ባለቤቷ። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ህጉ ጡረታን የሰራው በአሰሪና በሰራተኛ ላይ ነው። ለሁለት ሰራተኞቿ በየወሩ ጡረታ የምታስገባው ሴትዮ ራሷ አሰሪ የላትም፣ ስለዚህ ለእሷ 11 በመቶ የሚጨምርላት ሰው የለም። ስልሳ ዓመት ሲሞላት ሰራተኛዋ አበል ትቀበላለች፣ እሷ ልጆቿን ትጠብቃለች።

እቁብ አለ ትሉን ይሆናል። እቁብን እንወዳለን፣ ብዙ ሱቅ የተከፈተው በእቁብ ነው። ግን እቁብ የራሳችሁን ብር ሰብስቦ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ዘዴ ነው፣ እጣ ደርሷችሁ እቃ ከገዛችሁበት ለእርጅና የተቀመጠ ነገር የለም። እድር ደግሞ ለቀብር ነው፣ ለመኖሪያ አይደለም።

እኛ የምንለው ራሳችሁን ቅጠሩ ነው። የጁስ ቤቷ ባለቤት ከግብር በኋላ (በትርፍ ስሌቱ) በወር 10,184 ብር ገደማ ይቀራታል። ለራሷ 8,000 ብር ደሞዝ ትቁረጥ። በግብር ህጉ የግለሰብ ነጋዴ የራሱ ደሞዝ ከትርፍ የሚቀነስ ወጪ አይደለም፣ ይህ የራሷ ስርዓት ነው። ከዚያ እንደ ማንኛውም አሰሪ 7ና 11ን ደምራ፣ የ8,000 18 በመቶ፣ 1,440 ብር ለእርጅና ታስቀምጥ። ደሞዝና ቁጠባው 9,440 ነው፣ 744 ብር ለሱቁ መጠባበቂያ ይተርፋል። ጠባብ ነው፣ ግን ይገባል።

1,440 ብር በወር፣ በ10 ዓመት 172,800 ብር ነው፣ ወለድ ሳይቆጠር። የት ይቀመጥ የሚለው ግን ከመጠኑ ያልተናነሰ ጥያቄ ነው። ዝቅተኛው የባንክ ቁጠባ ወለድ ለዓመታት 7 በመቶ ሆኖ ሲቆይ፣ የዋጋ ንረቱ በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ባንክ የተኛ 100 ብር በዓመቱ ቁጥሩ 107 ሆኖ፣ የሚገዛው ግን በፊት 80 ብር ገደማ ይገዛው የነበረውን ነው። ስለዚህ ብሩ እስኪሰበሰብ ባንክ ወይም የቁጠባና ብድር ህብረት ስራ ማህበር ውስጥ ይሁን፣ ሲጠራቀም ግን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ወደማያረጅ ነገር ይዙር። ኪራይ የሚያመጣ አንድ ክፍል ቤት፣ የማህበር እጣ፣ ሌላ የሚያሰራ ማሽን። ካርታውን መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ሳታጣሩ «ርካሽ ቦታ» እንዳትገዙ እንጂ፣ ምርጫው የእናንተ ነው።

ይህች 1,440 በደብተሩ ላይ የምትጻፈው ወር መጨረሻ የተረፈው ሲታይ አይደለም። በወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ ከኪራዩ መስመር በላይ ነው።